የሚከራይ ክፍል፤ ከካሪቢያን ደሴቶች ወደ ሎንዶን የሄዱ ሰዎች የኑሮ ወጪና የቤት ፍለጋ ታሪክ

በአገራችን ገጠር የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ መመለሱ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ግን የአንድ ሌሊት ልማድ ነው። እንግዳው በማግሥቱ መንገዱን እንደሚቀጥል ስለሚታወቅ የዋጋ ነገር አይነሣም። ሰው ወደ ሌላ አገር ሄዶ ለወራትና ለዓመታት ሊኖር ሲያስብ ግን ነገሩ ከእንግድነት ወጥቶ ወደ ኪራይ ይገባል። በዚህ ጊዜ «ቤቱ ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ለእኔ ያከራዩኛል ወይ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይቀድማል። ስለ ኑሮ ውድነት በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ በሰፊው ሲተነተን፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ተዘልሎ ይታለፋል።

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ወደ ሌላ አገር ስለሚሄድ ሰው የኑሮ ወጪና የቤት ችግር አንድ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ከብዙ ከተሞች መካከል ሎንዶንን፣ ከብዙ ዘመናትም መካከል ከ1948 እስከ 1968 ያለውን ሃያ ዓመት መርጫለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለምርጫዬ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ በዚያን ጊዜ ከጃማይካ፣ ከትሪኒዳድ፣ ከባርቤዶስና ከሌሎችም የካሪቢያን ደሴቶች ወደ ሎንዶን የገቡት ሰዎች ታሪክ በሚገባ የተመዘገበ ነው። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝ የኪራይ ሕግ በነዚሁ ዓመታት ውስጥ ጠብቆ፣ ላልቶ፣ እንደገና ስለጠበቀ፣ «ኪራይን መቆጣጠር ይሻላል ወይስ ለገበያ መተው?» የሚለው የባለሙያዎች ክርክር በአንድ ከተማና በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሲፈተን ለማየት ይቻላል። ፈተናው ያሳየው ውጤት፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ከሁለቱ ተከራካሪ ወገኖች አንዱንም ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው «ኤምፓየር ዊንድረሽ» ከተባለችው መርከብ ነው። ይህች መርከብ በ1948 ሰኔ 22 ቀን ቲልበሪ በተባለው የሎንዶን ወደብ መንገደኞቿን አወረደች። ከ1,027 ተሳፋሪዎች መካከል 802ቱ የመጨረሻ መኖሪያቸው በካሪቢያን አካባቢ መሆኑን አስመዝግበዋል። ከጃማይካ በመርከቧ የታችኛው ክፍል ለመሳፈር የሚከፈለው ዋጋ 28 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ነበር። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የአንድ ወንድ የእጅ ሠራተኛ አማካይ የሳምንት ደመወዝ ከ7 ፓውንድ በታች እንደነበረ ስናስታውስ፣ የመሳፈሪያው ዋጋ በእንግሊዝ ሠራተኛ ሚዛን እንኳ ቢታይ የአንድ ወር ሙሉ ደመወዝ እንደነበረ እንረዳለን። በደሴቶቹ ደመወዝ ሲመዘን ከዚህ እጅግ የከበደ ስለነበር፣ ብዙዎቹ ከብታቸውን ሸጠው ወይም ከዘመድ ተበድረው ተሳፍረዋል። ስለዚህ ሎንዶን ሲደርሱ የኑሮ ሂሳባቸው ከዜሮ አልተጀመረም፤ ከዕዳ ተጀመረ።

እነዚህ ሰዎች የእንግሊዝ ንጉሥ ዜጎች ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው የዜግነት ሕግም ይህንኑ አጽንቶላቸዋል። ሥራም አልጠፋም፤ ከጦርነት የወጣችው አገር ለባቡሩ፣ ለፋብሪካው፣ ቆየት ብሎም ለአውቶቡሱና ለሆስፒታሉ ሠራተኛ አጥታ ነበር። ያልታሰበበት ነገር የት ያድራሉ የሚለው ነው። የቅኝ ግዛት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚያድሩበት ያልነበራቸውን ከ200 በላይ ሰዎች በክላፓም ሳውዝ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከአየር ድብደባ ለመሸሸግ ከምድር ባቡር ጣቢያው ሥር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ አሳደራቸው። ለዚያ ዋሻ ቅርብ የነበረው ሥራ አስቀጣሪ ቢሮ በብሪክስተን፣ በኮልድሃርበር ሌን ይገኝ ነበር። ሰዎቹም ሥራ ለመጠየቅ ወደዚያ ሄዱ፤ ሥራ እንዳገኙም በዚያው አካባቢ ክፍል ፈለጉ፤ ኋላ የመጡትም እነሱን ተከትለው መጡ። ብሪክስተን በዓለም የታወቀ የካሪቢያን ሰዎች ሰፈር የሆነበት መነሻ አንድ የአስቀጣሪ ቢሮ አድራሻ መሆኑ አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም።

አሁን የዚያን ዘመን የሎንዶንን የቤት ሁኔታ እንመልከት፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ከተማዋ በጀርመን የአየር ድብደባ እጅግ ብዙ ቤት አጥታለች። ከጦርነቱ የተረፈው ቤት ደግሞ በኪራይ ቁጥጥር ሥር ነበር። ቁጥጥሩ የተጀመረው በ1915፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የግላስጎው ተከራዮች በተለይም ሴቶቹ የኪራይ ጭማሪ አንከፍልም ብለው ካመፁ በኋላ ሲሆን፣ በ1939 ሁለተኛው ጦርነት ሲነሣ እንደገና ሰፍቶ ኪራዮች በነበሩበት እንዲቆሙ ተደረገ። ለነባሩ ተከራይ ይህ ትልቅ መከታ ነበር። ኪራዩ አይጨምርም፤ ያለ በቂ ምክንያትም አይባረርም። ነገር ግን ሰው በእጁ ያለውን ርካሽና የተረጋገጠ ቤት በምን ምክንያት ይለቃል? ስለሆነም ቁጥጥር ያለበት ቤት ከእጅ አይወጣም፤ ቢወጣም ለዘመድ ወይም ለወዳጅ ይተላለፋል እንጂ ከመርከብ ለወረደ ሰው አይደርስም። የማዘጋጃ ቤት ቤቶችም ቢሆኑ የሚታደሉት በተራ መዝገብ ነበር። በመዝገቡ ላይ ለመግባት ደግሞ በከተማው የተወሰነ ዘመን መኖር ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ የበርሚንግሃም ከተማ አምስት ዓመት ይጠይቅ ነበር።

እንግዲህ ለአዲስ መጪው የቀረለት አንድ በር ነው፤ እርሱም ከነዕቃው የሚከራይ ክፍል። በሕጉ መሠረት አንድ ክፍል አልጋና ወንበር፣ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን ተጨምሮበት ሲከራይ ባዶውን እንደሚከራይ ቤት ጠንካራ ጥበቃ አልነበረውም። ከ1946 ጀምሮ ስለ ዋጋው አቤቱታ የሚሰሙ የኪራይ ዳኞች ቢኖሩም፣ አቤት ያለ ተከራይ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሊለቅ ይችላልና አቤት ለማለት የሚደፍር ጥቂት ነበር። ባለቤቶችም ይህን አውቀው አንድ ያረጀ አልጋና አንድ አንካሳ ወንበር ካስገቡ በኋላ «ከነዕቃው» እያሉ ማከራየትን ሙያ አደረጉት።

ይህችም አንዲት በር ብትሆን ለሁሉ አልተከፈተችም። ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች ማስታወቂያቸውን በትናንሽ ካርዶች ጽፈው በየሱቁ መስኮት ይለጥፉ ነበር። ከካርዶቹም ብዙዎቹ ጥቁር ሰው እንዳይመጣ በግልጽ የሚያስጠነቅቁ ነበሩ፤ ይህን የሚከለክል ሕግ አልነበረምና። ስለ ሎንዶን አዲስ መጪዎች በ1960 መጽሐፍ ያሳተሙት የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሩት ግላስ እንዲህ ያሉትን ማስታወቂያዎች ከአካባቢው ጋዜጣ ላይ ለቅመው መርምረዋል። በካርዱ ላይ ምንም ካልተጻፈ ደግሞ ደጃፍ ድረስ ሄዶ «አሁን ገና ተያዘ» የሚል መልስ መስማት ነበር። በውጭ አገር የተማሩ ባልደረቦቻችን መካከል ይህን መልስ በራሳቸው ጆሮ የሰሙ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም።

የሚያስገባ አከራይ ሲገኝ ዋጋው እንዴት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአንዲት ክፍል በሳምንት 2 ወይም 3 ፓውንድ መክፈል የተለመደ ነበር። ለምሳሌ ያህል በሳምንት 8 ፓውንድ የሚያገኝ የጉልበት ሠራተኛ 2 ፓውንድ ተኩል ለክፍሉ ቢከፍል፣ ከደመወዙ ወደ ሢሶ የሚጠጋው ሄደ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ክፍሉ ውስጥ የተተከለው የጋዝ ቆጣሪ ሳንቲም ሲጎርሱት ይሠራል፣ ሲያልቅበት ይጠፋል፤ ጋዙ ሲወደድም በነጭ ጋዝ የሚነድ ምድጃ ይገዛል፤ ይህም ምድጃ በጠባብ ክፍል ውስጥ እየተገለበጠ የስንቱን ቤት አቃጥሏል። ምግቡ የሚበስለው በደረጃው አናት ላይ ለብዙ ክፍሎች በጋራ በተቀመጠ ማብሰያ ነው። ከሞቃት አገር የመጣ ሰው ወፍራም ካፖርት መግዛት ነበረበት። በየወሩ ለእናትና ለልጆች የሚላክ ገንዘብ አለ፤ የመርከቡ ዕዳም አለ። ወጪውን ለመቀነስ ሲሉ ሦስትና አራት ሰዎች በአንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። አንዳንድ ጊዜም የሌሊት ሠራተኛው ሲገባ የቀኑ ሠራተኛ እየወጣ አንድ አልጋ ሳይቀዘቅዝ ይፈራረቁበት ነበር። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ «ጥቁሮች ተጨናንቀው መኖር ይወዳሉ» ይላል። ነጩ ተከራይ ከሚከፍለው በላይ የሚያስከፍላቸውን ልዩነት ሰዎቹ «የቀለም ግብር» ይሉት ነበር፤ ለመንግሥት የማይገባ ግብር ነው።

በ1957 የወግ አጥባቂዎች መንግሥት የኪራይ ሕጉን አላላ። ለማዘጋጃ ቤት ግብር የተተመነው ዓመታዊ ዋጋ በሎንዶን ከ40 ፓውንድ፣ በሌላው የእንግሊዝ ክፍል ከ30 ፓውንድ በላይ የሆነ ቤት ከቁጥጥር ወጣ። ከዚያ በታች ያለውም ቢሆን ነባሩ ተከራይ ሲለቅ ለአዲሱ በነጻ ዋጋ እንዲከራይ ተፈቀደ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያስኬድ ነበር። ኪራይ ሲለቀቅ ባለቤቶች ያጠሩትን ክፍል ይከፍታሉ፣ ቤት ይበረክታል፣ አዲስ መጪውም ይጠቀማል የሚል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሕጉ ለባለቤቱ የሰጠው ትልቁ ማበረታቻ አዲስ ቤት መሥራት ሳይሆን ነባሩን ተከራይ ማስወጣት ነበር፤ ነባሩ የወጣ ዕለት የቤቱ ዋጋ ይነሣልና።

ይህን ስሌት ከሁሉ ይልቅ የተረዳው ፒተር ራክማን የተባለው የኖቲንግ ሂል አከራይ ነው። ራክማን ራሱ በ1919 በያኔዋ የፖላንድ ከተማ ልቮቭ የተወለደ፣ ከጦርነት እሳት ያመለጠ ስደተኛ ነበር። ነባር ተከራዮች ያሉባቸውን ያረጁ ትልልቅ ቤቶች በርካሽ ይገዛል፤ በማስፈራራትም፣ በማስጮህም፣ ጉልበተኞችን በመላክም ያስለቅቃቸዋል፤ ከዚያ ቤቱን ሸንሽኖ እያንዳንዷን ክፍል ከነዕቃዋ ሌላ ቦታ ለማያገኙት የካሪቢያን ሰዎች በውድ ያከራያል። በ1962 ከሞተ በኋላ በ1963 ጉዳዩ በፓርላማ ሲነሣ ስሙ ለግፈኛ አከራይነት መጠሪያ ሆነ። ሆኖም ግን ለታሪክ ታማኝ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ከተከራዮቹ አንዳንዶቹ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲጠየቁ «ቢያንስ እሱ በሩን ከፈተልን» ሲሉ መስክረዋል። ይህ ቃል ራክማንን ነጻ አያወጣውም፤ በራቸውን የዘጉትን ጨዋ ጎረቤቶች ግን አብሮ ይከሳል። በ1958 ነሐሴ መጨረሻ በዚያው በኖቲንግ ሂል ነጭ ወጣቶች በጥቁሮች ላይ ለቀናት በተነሡ ጊዜ፣ ከብሶታቸው አንዱ የቤት ጉዳይ ነበር፤ ጣታቸውን የቀሰሩት ግን በአከራዩ ላይ ሳይሆን በተከራዩ ላይ ነበር።

ታዲያ መውጫው የት ተገኘ? ከዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የገዛ ቤቱን ዕቃ በሰው አገር እንዳየ ሰው ይሆናል። ጃማይካውያን «ፓርድነር»፣ ትሪኒዳዳውያን «ሱሱ» የሚሉት ነገር ከእኛ ዕቁብ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። የሚተማመኑ ሰዎች በየሳምንቱ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ «ባንከር» የተባለው ሰብሳቢ፣ ብዙ ጊዜም ሴት፣ ይይዘዋል፤ ተረኛው ሙሉውን ያነሣል። ከዕቁብ የሚለየው ተራው ብዙ ጊዜ በዕጣ ሳይሆን በስምምነት መወሰኑ ነው፤ የቤት ቀብድ የደረሰበት ሰው ተራው እንዲቀድምለት ሊለምን ይችላል። ሃያ ሰዎች በሳምንት ሁለት ሁለት ፓውንድ ቢያዋጡ ተረኛው 40 ፓውንድ ያነሣል። ባልና ሚስት ሁለት እጅ ቢገቡ፣ ወንድምም አብሮ ቢገባ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ያረጀ ቤት ቀብድ የሚሆን ገንዘብ ይገኛል። በ1950ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ የአንድ ቤት አማካይ ዋጋ ወደ 2 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ሲሆን፣ የሊዝ ዘመናቸው ሊያልቅ የተቃረበና የፈራረሱ ቤቶች ከዚህም በታች ይገኙ ነበር።

ዋናው ነገር ፓርድነር ዋስና መታወቂያ አለመጠየቁ ነው። የቤት መግዣ ብድር የሚሰጡት ማኅበራት ለአሮጌ ቤትና ለጥቁር ተበዳሪ እጃቸውን የሰበሰቡ ስለነበሩ፣ ያለዚህ ቁጠባ የሚጀመር ነገር አልነበረም። ቀሪው ገንዘብ ወለዱ ከበዛ አበዳሪ፣ ወይም የብድር ሥልጣን ከነበራቸው የአካባቢ አስተዳደሮች ይገኝ ነበር። በብሪክስተን የሶመርሌይተንና የጄኔቫ መንገዶች ትልልቅ አሮጌ ቤቶች በዚህ ዐይነት በካሪቢያን ሰዎች እጅ ገቡ። ቤቱን የገዛው ሰው አንዱን ክፍል ለራሱ ይዞ ሌላውን ለአገሩ ልጆች ያከራያል፤ በኪራዩም ብድሩን ይከፍላል። በዚህ መንገድ በአሥር ዓመት ውስጥ ከዋሻ ያደረው እንግዳ ራሱ አከራይ ሆነ። እንዲያውም ከሌሎቹ የማይሻሉ፣ የአገራቸውን ልጅ ችግር ገበያ ያደረጉ አከራዮችም ከመካከላቸው ወጥተዋል። ብድር ከፍሎ ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው ክፍሉን ማጨናነቁ አይቀርም። እንዲህም ሆኖ በእንግሊዝ ቆጠራ በ1951 ወደ 15 ሺህ የነበረው የካሪቢያን ተወላጅ ቁጥር በ1961 ከ170 ሺህ ሲበልጥ፣ ከዚህ ሕዝብ አብዛኛውን ጣራ ሥር ያስገባው መንግሥት ሳይሆን ይህ የእርስ በርስ አሠራር ነው። ባንከሮቹ የያዙት ደብተር ቢሰበሰብ ኖሮ፣ ለሙያችን ከብዙ የባንክ ሪፖርት የበለጠ የሚያስተምር ይሆን ነበር።

የሌበር መንግሥት ከተመለሰ በኋላ በ1965 አዲስ የኪራይ ሕግ ወጣ። የኪራይ ሹሞች ተሾመው «ተገቢ ኪራይ» እንዲወስኑ፣ ተከራይም ያለ ፍርድ እንዳይባረር ተደረገ። ሆኖም ይህም ጥበቃ በመሠረቱ ባዶውን ለሚከራይ ቤት ነበር። ከነዕቃው የሚከራየው ክፍል ተመሳሳይ ጥበቃ ያገኘው በ1974 ነው። አዲስ መጪው የሚኖረው ደግሞ በዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ሕጉ ጠበቀም ላላም፣ እሱ ዘወትር ከሕጉ ጥላ ውጭ ነበር።

በ1967 የወጣ አንድ ጥናት ነገሩን ከጥርጣሬ ውጭ አደረገው። የጥናቱ ባለቤት «የፖለቲካና የኢኮኖሚ ፕላን» የተባለው የምርምር ድርጅት ሲሆን፣ ዘዴው ቀላል ነበር። አንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ ሀንጋሪያዊና አንድ የካሪቢያን ሰው ተመሳሳይ ሙያና ደመወዝ እንዳላቸው ሆነው ለአንድ ክፍል በየተራ ያመለክታሉ። «ጥቁር አይምጣ» የሚል ማስታወቂያ የለጠፉት አስቀድመው ተትተዋል። በአካል ከተጠየቁት 60 አከራዮች በ45ቱ ዘንድ የካሪቢያኑ ሰው ተበደለ፤ አብዛኞቹ ክፍሉ ተይዟል አሉት፤ ሌሎቹ ከፍ ያለ ኪራይ ጠየቁት። ሀንጋሪያዊው ግን፣ እንግሊዝኛው የባዕድ እንደሆነ እየተሰማ፣ ከእንግሊዛዊው ብዙም ባልተለየ ሁኔታ ተስተናግዷል። እንግዳ መሆን ብቻውን በሩን እንደማይዘጋ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ናይጄሪያዊቷ ደራሲ ቡቺ ኤሜቼታ በ1974 ባሳተመችው ልቦለድ ውስጥ ባለታሪኳ ለአከራይ ስልክ ስትደውል እንግሊዛዊት እንድትመስል አፍንጫዋን ቆንጥጣ ትናገራለች። ክፍሉን በስልክ ታገኛለች፤ ደጃፍ ስትደርስ ታጣዋለች።

በጥናቱ ግፊት በ1968 ጥቅምት የወጣው የዘር ግንኙነት ሕግ በቤት ኪራይና ሽያጭ በቀለም ምክንያት ማዳላትን ከለከለ። ባለቤቱ አብሮ የሚኖርባቸውን ትናንሽ ቤቶች ግን ከክልከላው አውጥቷቸዋል። ሕጉ ገና በፓርላማ ሳለ በሚያዝያ ወር በበርሚንግሃም ተነሥተው በብርቱ የተቃወሙት እንደራሴ ኢኖክ ፓወል፣ የ1957ቱ የኪራይ ሕግ ሲዘጋጅ በቤቶች ሚኒስቴር ምክትል የነበሩ ሰው ናቸው። ካርዶቹ ከሱቅ መስኮት የተነሡት ከዚህ በኋላ ነው። «አሁን ገና ተያዘ» የሚለው ቃል ግን በመስኮት ላይ ስለማይለጠፍ እሱን ለማንሣት የበለጠ ጊዜ ፈጅቷል።

የአንድ ከተማ ቤት ሁሉ ቢቆጠር ለአዲስ መጪ የሚቆጠሩለት የሚከፈቱለት በሮች ብቻ ናቸው፤ የሚከፍለውም ዋጋ በእነዚያ በሮች ቁጥር ይወሰናል። በኪራይ ቁጥጥር ወቅት በሮቹን የያዟቸው ነባሮች ነበሩ። ቁጥጥሩ ሲላላም በሮቹን የያዙት አከራዮቹ ነበሩ። ባለሙያዎች ስለ ዋጋ ሲከራከሩ በመካከሉ ስለ በሩ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ይህ ታሪክ በ1968 ቢያልቅ መልካም ነበር። በ2014 የእንግሊዝ ፓርላማ አከራዮች ሁሉ የተከራያቸውን የመኖሪያ ፈቃድ እንዲመረምሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ከ2016 የካቲት ጀምሮም በመላው ኢንግላንድ ተሠራበት። በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጉ አከራዮችን ወደ አድልዎ እንደሚገፋ ፈረደ፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አድልዎ መኖሩን ሳይክድ ሕጉ ግን እንዲጸና ወሰነ። በዚህ መካከል፣ በ2018፣ ከካሪቢያን በልጅነታቸው በወላጆቻቸው ፓስፖርት የመጡ፣ በሎንዶን ሃምሳ ዓመት ሠርተው ግብር የከፈሉ ሽማግሌዎች ዜግነታቸውን በወረቀት ማስረዳት ባለመቻላቸው ከሥራና ከሕክምና፣ አንዳንዶቹም ከቤታቸው መውጣታቸው ተጋለጠ። የአገር ግዛት ሚኒስትሯ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ለነዚህ ሰዎች የመጡበትን ቀን ሊያስረዳላቸው ይችል የነበረው ከመርከብ ሲወርዱ የተሞላው የመግቢያ ካርድ ነበር፤ ካርዶቹንም ያው ሚኒስቴር በ2010 አስወግዷቸዋል።